«ብሔረሰብ» የተሰኘው ሠራሽ ቃልና የጥናት መጠይቆቻችን

ሉድዊግ ዛመንሆፍ በ1887 እ.ኤ.አ. ላሳተመው ሰው ሠራሽ ቋንቋ የሰጠው መጠሪያ «ዓለም አቀፍ ቋንቋ» የሚል ነበር። «ኤስፔራንቶ»፣ ማለትም «ተስፋ የሚያደርግ»፣ ደራሲው በመጽሐፉ ላይ የተጠቀመበት የብዕር ስም ነው። ተጠቃሚዎቹ ግን የሰውየውን ስም ለቋንቋው ሰጡት። ሰዋስዉና ሥርወ ቃሉ በአንድ ሰው እጅ በተበጀ ቋንቋ እንኳ የቃሉን ፍቺ ተናጋሪው ወሰነ። እኛም በአሶሳና በአካባቢው በምናካሂዳቸው ጥናቶች እንደ ጥንተ ቃል የምንገለገልበት፣ ነገር ግን በቅርብ ዘመን የተበጀ አንድ ቃል አለን፤ «ብሔረሰብ»።

የቃሉ አካላት ከግዕዝ የተወሰዱ ናቸው። «ብሔር» ምድር፣ አገር፣ ዓለም ማለት ሲሆን «ሰብእ» ሰው ነው። በግዕዝ ሁለት ስሞች ሲናበቡ የሚቀድመው ዋናው ስም ነው፤ «ቤተ ክርስቲያን» የክርስቲያን ቤት፣ «ብሔረ ብፁዓን» የብፁዓን አገር ይሆናል። በዚሁ ሥርዓት «ብሔረ ሰብእ» የሰው አገር እንጂ የአገር ሰው አይደለም። የአገር ሰው ለማለት ቢፈለግ «ሰብአ ብሔር» በተባለ ነበር። የ1960ዎቹ የፖለቲካ ጸሐፍት ከግራ ዘመም ጽሑፎች ለቀሰሙት ጽንሰ ሐሳብ አማርኛ ሲያበጁ፣ ሕዝብን ለመሰየም ምድርን የሚያስቀድም ቃል ሠሩ። ቃሉም በሚያዝያ 1968 ዓ.ም. በታወጀው የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም የመንግሥት ቃል ሆነ፤ በ1975 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ጥናት ኢንስቲትዩት መጠሪያውን ከዚሁ ወሰደ።

ይህ የሰዋስው ነቀፌታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለግዕዝ መምህራን በተውኩት ነበር። በክልላችን ግን በቃሉ ውስጥ የተሸሸገው ምድር ሕግ ሆኖ ወጥቷል። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 39(5) «ብሔር»፣ «ብሔረሰብ» እና «ሕዝብ» ለሚሉት ሦስት ቃላት አንድ ፍቺ ብቻ ሰጥቷል፤ ከመመዘኛዎቹም አንዱ በአብዛኛው በተያያዘ መልክዓ ምድር መኖር ነው። በ1995 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሕገ መንግሥት በበኩሉ በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሽናሻን፣ ማኦንና ኮሞን የክልሉ «ባለቤት» ብሎ ሰይሞ፣ ሌሎች ሕዝቦችም በክልሉ እንደሚኖሩ ዕውቅና ሰጥቷል። በአማርኛ ሰዋስው ባለቤት ድርጊቱን የሚፈጽመው እንደሆነና ሌላው ተሳቢ እንደሚባል አንባቢ ያስታውሳል።

የቃሉ ፍቺ በሰው መብት ላይ ምን እንደሚያደርስ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1992ቱ ምርጫ በክልሉ የቀረቡ ዕጩዎች የአካባቢውን ብሔረሰብ ቋንቋ አያውቁም በሚል ምክንያት ከውድድር ተሰርዘው ነበር። ጉዳዩን የመረመረው የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1995 ዓ.ም. ሲወስን፣ የክልሉን ምክር ቤት የሥራ ቋንቋ፣ ማለትም አማርኛን፣ ማወቅ ይበቃል አለ። ውሳኔው ቢመጣም ምርጫው ካለፈ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር።

የእኔ ሥጋት በራሳችን ሥራ ላይ ነው። ካነበብኳቸው የመመረቂያ ጽሑፎች በርካቶቹ በመጠይቃቸው መጀመሪያ ገጽ ላይ «ብሔረሰብ» ብለው አምስቱን ስሞች ከዘረዘሩ በኋላ «ሌላ» የሚል ሳጥን ያስቀምጣሉ። በ1999ኙ ቆጠራ ከክልሉ 784,345 ነዋሪዎች መካከል አማራና ኦሮሞ ተብለው የተመዘገቡት ብቻ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ነበሩ። ከሕዝቡ ሲሶውን «ሌላ» የሚል ጥናት ስለ መሬት አጠቃቀም ወይም ስለ ግጭት የሚሰጠው ድምዳሜ ገና ከሜዳ ሳይገባ የተዛባ ነው። በ1970ዎቹ ከወሎ መጥተው በአሶሳ ዙሪያ የሰፈሩ ቤተሰቦች ልጅ «ብሔረሰብህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ስለ ወላጆቹ ቋንቋ፣ ስለ ተወለደበት ምድር ወይስ በመታወቂያው ላይ ስለተጻፈው ነው የሚመልሰው? ሦስቱም መልስ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ በሠንጠረዡ ግን አንድ ቁጥር ይሆናሉ። አምስቱ ስሞችም ቢሆኑ ከዚህ ችግር አያመልጡም፤ አባቱ በርታ እናቱ ኦሮሞ የሆነ ሰው ሳጥኑን በማን ስም ይሙላ?

«ብሔረሰብ» የሚለው ቃል ይጣል አልልም። ግማሽ ምዕተ ዓመት የተነገረበት ቃል ነው፤ ሰዎች የሞቱለትም የኮሩበትም ነው፤ እንደ ኤስፔራንቶ ሁሉ ከአበጂዎቹ እጅ ወጥቷል። የምጠይቀው ቀላል ነው፤ ጥናት አቅራቢው በዘዴ ምዕራፉ ቃሉን በየትኛው ፍቺ እንደተጠቀመ ይጻፍ፤ በመጠይቁ ላይም የአፍ መፍቻ ቋንቋን፣ የትውልድ ቦታንና ሰውየው ራሱን የሚጠራበትን ስም ለየብቻ ይጠይቅ። መረጃ ሰብሳቢው መጠይቁን በቦታው ወደ በርታኛ ወይም ወደ ጉሙዝኛ ሲመልስ «ብሔረሰብ»ን በየትኛው ቃል እንደተካውም በአባሪው ይስፈር። ያ ቃል ምናልባት ጎሣ፣ ምናልባትም አገር ማለት ይሆናል፤ መልሱም እንደዚያው ይለያያል።