የቀበሌን ቤት ማን ይመርጋል?

የጭቃ ቤት ካልተመረገ ይፈርሳል። የአርሲ ገበሬ ይህን ያውቃል። በከተማስ የቀበሌን ቤት ማን ይመርጋል?

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ወጣ። ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራዩ በወር ከ100 ብር በታች የሆነውን ቤት ቀበሌ ያዘው። በአዲስ አበባም፣ በአሰላም እንዲሁ ሆነ። ኪራይ ተቀነሰ። ድሀው እፎይ አለ። ግን ትንሹ ኪራይ ለእድሳት አልበቃም። ተከራዩም ያለ ፈቃድ አያድስም።

ዓመታት አለፉ። ምሰሶው በሰበሰ። በአዲስ አበባ፣ በልደታ፣ ከ2000 ዓ.ም. በኋላ አሮጌው መንደር ፈርሶ ፎቅ ተሠራ። ሌላው ሰፈር ግን “ዘንድሮ ይፈርሳል” እየተባለ ብዙ ክረምት አለፈው። ይፈርሳል የተባለን ቤት ማን ይመርጋል?

በከተማ ዘመድ ካላችሁ እንዲህ በሉት፦ ቤቱ መቼ ይሠራል? እስከዚያ የት እንገባለን? ብለህ ጠይቅ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበል። ቀኑን ራስህ አንብብ።