ዘላዩ አለ፤ መሰናክሉ የት አለ?

ኢትዮጵያ ሮጣ ታሸንፋለች ሲባል ሁላችንም ደረታችንን እንነፋለን። መሮጫው ላይ እንጨት ሲጋደምስ? እዚያ ላይ ሒሳቡ ሌላ ነው። በ3000 ሜትር መሰናክል እስከ ፓሪስ ኦሎምፒክ ድረስ አንድም የኦሎምፒክ ወርቅ አላመጣንም። እሸቱ ቱራ በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ነሐስ አገኘ። ሶፊያ አሰፋ ለንደን ላይ ሦስተኛ ወጥታ፣ አንደኛ የወጣችው ሩሲያዊት በአበረታች መድኃኒት ስትሰረዝ ብር ደረሳት። ለሜቻ ግርማ ቶኪዮ ላይ ብር ወሰደ። በ110 እና በ400 ሜትር መሰናክልማ ኧረ ስማችንም አይነሳ!

ለሜቻን እንውሰድ። ሰኔ 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ርቀቱን በ7:52.11 ጨርሶ፣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የቆመውን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ነሐሴ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. በዚያችው ፓሪስ፣ በኦሎምፒኩ ፍጻሜ፣ የመጨረሻው ዙር ላይ መሰናክል ጠልፎት ወደቀና በቃሬዛ ወጣ። የ110 ሜትሩን መሰናክል ቢነኩት ይገለበጣል። የ3000 ሜትሩ ግን ንቅንቅ አይልም፤ የሚወድቀው ሰውየው ነው።

መውደቁን በማንም አናላክክም። በዚህ ውድድር ያልወደቀ አገር የለም። እኛን የሚያንገበግበን ሌላ ነው። በ2012 ዓ.ም. መስከረም ዶሃ ላይ ይኸው ልጅ የዓለም ሻምፒዮናን ወርቅ በአንድ መቶኛ ሰከንድ አጣ። ውድድሩ 28 ደረቅ መሰናክልና 7 የውሃ ዝላይ አለው፤ ድምሩ 35። ከ35ቱ አንዱን ብቻ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቢሻገር፣ በአንዱ ብቻ ርምጃው ባይቆራረጥ፣ ወርቁ የማን ነበር? በግራም በቀኝም እግር መነሣት፣ ኋላ የቀረውን እግር ጎን ለጎን አጥፎ ማሳለፍ በልጅነት የሚለመድ ነገር ነው። በሃያ ዓመት ሲጀምሩት ጉልበት ያለው ሁሉ ዘላይ አይሆንም።

ታዲያ ልጆቹ የት ይልመዱት? ከጅማ በስተ ደቡብ ያለውን ደዶን እንይ። የደዶ ልጅ ዳገት አያንሰው፣ ትንፋሽ አያንሰው። ለመሆኑ በወረዳው ስንት ትምህርት ቤት መሰናክል አለው? በአጋሮስ? በሊሙስ? እናንተ የዚያ አካባቢ አንባቢዎቻችን፣ ያየ ካለ ይጻፍልን። ቡናው ለአገር ዶላር ሲያመጣ ኖሯል፤ የቡና አምራቹ ልጅ አራት መሰናክል ቢጠይቅ ነውር ነው እንዴ?

ገንዘብ የለም እንዳትሉን! ለሙሉ የ110 ሜትር ውድድር በስምንት መስመር 80 መሰናክል ያስፈልጋል፤ እሺ፣ ይክበድ። ለልጆች መነሻ ግን አራት አምስት ይበቃል። ሲነካ የሚወድቅ ቀላል የእንጨት መሰናክል የሠፈር አናጢ ይሠራዋል፤ ሚስማርና መጋዝ ከውጭ በዶላር አይመጣም። ጎረቤቶቻችንን እዩ። ዩጋንዳዊው ፖሊስ ጆን አኪ ቡዋ በ1964 ዓ.ም. ሙኒክ ላይ 400 ሜትር መሰናክልን በ47.82 ሰከንድ ሮጦ ወርቅም ክብረ ወሰንም ወሰደ። ኬንያዊው ኒኮላስ ቤት በ2007 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ በዚሁ ርቀት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከእኛው ቀጣና የወጡ ልጆች ናቸው።

ሜዳልያ ሲመጣ ቦሌ ላይ አበባ ይዞ የሚጋፋው ባለሥልጣን አይጠፋም። የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑና የትምህርት ቢሮዎቹ አንድ ነገር ይንገሩን፦ ለወረዳ ትምህርት ቤቶች የተገዛው ወይም የተሠራው መሰናክል ስንት ነው፣ የትስ ነው ያለው? መልሳቸውን ይላኩ፤ አንድ ቃል ሳንቀንስ በዚሁ ገጽ እናወጣዋለን።