የምትመቺው በሩ ጋ ለመድረስ ይሁን

በዕረፍት ቀናችን ስንገናኝ ደጋግሞ የሚነሳ ጨዋታ አለ። አንዷ "ባባ ክፍሌ ድረስ መጣብኝ" ወይም "የማዳም ወንድም መታኝ" ስትል ወዲያው ሁለት ምክር ይመጣል። አንዱ "ቻይው፣ ኮንትራትሽን ጨርሰሽ ትሄጃለሽ" ነው። ሌላው "እኔ ብሆን በቢላ ነበር የምለው" ነው። ሁለቱም ከልብ የሚሰጡ ምክሮች ናቸው፣ ሁለቱም ግን አንቺን ይዘው ገደል ይገባሉ። የኔ ሐሳብ እንዲህ ነው፦ ጠቡ ግድ ሆኖ ከመጣብሽ ተከላከይ፣ ግን የምትመቺው በሩ ጋ ለመድረስ ይሁን። ልታሸንፊው ሳይሆን ልታመልጪው ነው።

ለምን እንደዚህ እንደምል የሳራን ታሪክ ልንገራችሁ። ብዙዎቻችን ሳንወለድ ወይ ሕፃን ሳለን የሆነ ነው፣ የሆነው ግን እዚሁ አል ዓይን ነው። ሳራ ባላባጋን ፊሊፒናዊት ናት። ለቤት ሠራተኝነት ስትመጣ ገና ልጅ ነበረች፣ ፓስፖርቷ ላይ ግን ዕድሜዋ በብዙ ተጨምሮ ነበር። (ይሄን እኛም እናውቀዋለን አይደል?) በፈረንጆች ሐምሌ 1994 አሠሪዋን በቢላ ወግታ ገደለችው። "ደፍሮኝ ነው፣ ራሴን ስከላከል ነው" አለች። የ15 ዓመት ልጅ ነበረች። ሬሳው ላይ 34 የቢላ ውጋት ተቆጠረ።

በሰኔ 1995 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት "ገድላለች፣ ተደፍራለችም" ብሎ 7 ዓመት ፈረደባት። ለሟች ቤተሰብ 150 ሺህ ድርሃም ትክፈል፣ ለእሷም ለመደፈሯ 100 ሺህ ድርሃም ይከፈላት አለ። በመስከረም ሌላ ችሎት አየውና "መደፈሯ ማስረጃ የለውም፣ አስባ ነው የገደለችው" ብሎ ሞት ፈረደ! ዓለም ጮኸ። ሼክ ዛይድ ገቡበትና የሟች ቤተሰብ በደም ካሳ ተስማማ። በጥቅምት ሦስተኛው ፍርድ መጣ፦ 1 ዓመት እስር፣ 100 ግርፋትና ካሳው። ግርፋቱን በቀን 20 እያሉ በ5 ቀን ጨረሱባት። ካሳውን የሀገሯ ነጋዴ ከፈለላት። በነሐሴ 1996 ሀገሯ ገባች።

እስቲ አስቡት። ቤቱ አንድ፣ ልጅቷ አንድ፣ ፍርዱ ግን ሦስት ዓይነት። ያቺን ሕፃን አልወቅሳትም፣ እኔም በሷ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም። ግን የሁለተኛው ችሎት ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል፦ "ማስረጃ የለውም"። ደግሞ ልብ በሉ፣ ለሳራ ሀገሯ ጮኸላት፣ ጋዜጣ ጮኸላት። ለኔና ላንቺ ማን እንደሚጮህ እግዚአብሔር ይወቀው።

"ታዲያ ሕጉ ዝም ብለሽ ተደብደቢ ነው የሚለው?" እንዳትሉኝ። አይደለም። የዚህ ሀገር የወንጀል ሕግ ራስን መከላከል መብት ነው ይላል። ግን ይጠይቃል፦ አደጋው አሁን ፊትሽ ያለ ነው ወይ? ፖሊስ ጋ ለመድረስ ጊዜ አልነበረሽም ወይ? ሌላ መውጫ አጥተሽ ነው ወይ? ያደረግሽውስ ከመጣብሽ አደጋ ጋር ይመጣጠናል ወይ? ሞት ወይም መደፈር ሲመጣብሽ ሕጉ የበለጠ ይፈቅድልሻል። እሱ ከለቀቀሽ ወይም ከወደቀ በኋላ የምትጨምሪው ምት ግን መከላከል መባሉ ያበቃል።

ስለዚህ ጠብ ሁሉ ግድ አይደለም። ማዳም ሰደበችኝ ብለሽ፣ ወይም አብራሽ የምትሠራዋ ልጅ ስልክሽን ነካች ብለሽ እጅ ካነሳሽ ያ መከላከል አይባልም። በጥፊ መታሽ ከሄደች በኋላ ተከትለሽ ብትመቻት አንቺ ነሽ የምትከሰሺው። መታሰርም ወደ ሀገር መባረርም አለው። እዚያ ቦታ ላይ ምላስሽን ዋጥ አድርገሽ መውጣት ፈሪነት አይደለም። ግድ የሚሆነው መውጫ ሲዘጋብሽ ነው።

እኔ አል ዓይን ስሠራ ደርሶብኛል። የቤቱ ሹፌር ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ በሩን በጀርባው ዘጋብኝ። ፀጉሬን ያዘ። ያኔ የማውቀው ነገር አልነበረም፣ እንዲሁ በክርኔ ሆዱን አልኩት፣ ላላ ሲልልኝ በሩን ከፍቼ ግቢ ወጣሁና "ሳዕዱኒ! ሳዕዱኒ!" እያልኩ ጮህኩ። የጎረቤት ዘበኛ ሰምቶ መጣ። ስሮጥ ያለፍኩት በኩሽና በኩል ነበር፣ ቢላው ጠረጴዛ ላይ ነበር። አየሁት። አለማንሳቴን እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ። ጥፋቴ ግን ከዚያ በኋላ ነው። አፈርኩና ገላዬን ታጥቤ፣ ልብሴን አጥቤ፣ ተኝቼ አደርኩ። በማግስቱ ፖሊስ ጋ ስሄድ መጀመሪያ የጠየቁኝ "ለምን ትናንት አልመጣሽም?" ነበር። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ፀጉርሽን ከያዘሽ ወደ ኋላ አትጎትቺ፣ ይብስብሻል። በሁለት እጅሽ እጁን ራስሽ ላይ ተጭነሽ ያዢውና ወደ እሱ ተጠጊ፣ ከዚያ በጉልበት ወይ በክርን። በቡጢ ከመምታት በመዳፍሽ ሥር አፍንጫውን ወይ አገጩን መግፋት ይሻላል፣ ቡጢ ያልለመደ እጅ ጣቱ ይሰበራል። አንገትሽን ካነቀሽ አገጭሽን ወደ ደረትሽ ቅበሪና ትንሿን ጣቱን ይዘሽ ወደ ኋላ አጥፊያት። ከወደቅሽ ራስሽን በክንድሽ ሸፍኚ፣ በእግርሽ ጉልበቱን ምቺ። ጥግ ውስጥ አትግቢ። ከኩሽና ቶሎ ውጪ፣ ቢላውም የፈላው ዘይትም እዚያ ነው ያለው፣ አንቺ ያነሳሽውን ቢላ ነጥቆ በራስሽ ላይ ሊያዞረው ይችላል። ደግሞ በወላሂ፣ በመስኮት ወይ በበረንዳ አትዝለዪ! መውጫ ካጣሽ ሽንት ቤት ገብተሽ ቆልፊና 999 ደውዪ። ስልክሽ ሁልጊዜ ኪስሽ ውስጥ ይሁን፣ ትራስ ሥር አይደለም።

ከወጣሽ በኋላ ነው ዋናው። እዚያው ቀን ሂጂ። የደረሰብሽ መደፈር ወይም የመድፈር ሙከራ ከሆነ አትታጠቢ፣ የለበስሽውን ልብስ በወረቀት ከረጢት ያዢ። የተቧጨረውን፣ የበለዘውን ፎቶ አንሺ፣ ለምታምኛት ጓደኛሽም ያኔውኑ ላኪላት፣ ሰዓቱ ይመዘገባል። ፖሊስ ጋ ስትገቢ "አረብኛ በደንብ አልችልም፣ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ" በዪ፣ ያልገባሽን ወረቀት አትፈርሚ። የሆነውን ብቻ ተናገሪ፣ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ። መክተቡ "ተይው፣ ሌላ ቤት እንሰጥሻለን" ቢልሽ እንኳን መጀመሪያ ፖሊስ። ቶሎ ካልተናገርሽ እነሱ ቀድመው "ጠፋች" ብለው ያመለክቱብሻል፣ ያኔ ተበዳይዋ ተከሳሽ ትሆናለች።

"ፓስፖርቴን ይዘውብኝ እንዴት እወጣለሁ?" የምትሉ አላችሁ። አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት መያዝ አይፈቀድለትም፣ የ2022ቱ የቤት ሠራተኞች ሕግም መታወቂያሽን አንቺ ነሽ የምትይዢው ይላል። ለሕይወትሽ ስትይ ግን ያለ ፓስፖርትም ውጪ። ፓስፖርት ይተካል።

እነዚህን ቁጥሮች ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፣ ያልተማረች እህት ካለች በቃሏ አስጠኗት፦ ፖሊስ 999፣ የሠራተኛ ሚኒስቴር የቅሬታ መስመር 80084፣ አቡ ዳቢ ያለው የተጎጂዎች መጠለያ ኢዋእ 8007283። ኤምባሲያችን አቡ ዳቢ ነው፣ ቆንስላው ዱባይ።

"ቻይው" የምትሉ እህቶች፣ ዝም ያለችው ሁሉ ኮንትራቷን ጨርሳ አልገባችም። "በቢላ በይው" የምትሉ፣ ችሎት ፊት የምትቆመው እሷ ብቻዋን ናት። ልጆቿ፣ እናቷ የሚጠብቋት በእግሯ እንድትመለስ ነው። አዲስ የመጣች እህት ካለቻችሁ ምግብ አሠራሩን ከማሳየታችሁ በፊት በሩ በየት በኩል እንደሚከፈትና 999ን አሳዩአት።

አላህም እግዚአብሔርም ይጠብቃችሁ።