ላንዶቭስካን በመሣሪያዋ ብቻ አንመዝናት



በዋንዳ ላንዶቭስካ ላይ ዘወትር የሚሰነዘር አንድ ነቀፌታ አለ። «የተጫወተችበት ሀርፕሲኮርድ እውነተኛው የጥንቱ አልነበረም» ይባላል። ነቀፌታው ሐሰት አይደለም። የአንድን መምህር ሥራ ለመመዘን ግን አይበቃም ባይ ነኝ።

ሀርፕሲኮርድ ሲያዩት ፒያኖ ይመስላል፤ አሠራሩ ግን ሌላ ነው። ፒያኖ አውታሩን በመዶሻ ይመታል። ሀርፕሲኮርድ ደግሞ ክራር በጣት እንደሚነካ ሁሉ፣ በትንሽ የላባ ጫፍ አውታሩን ቆንጠር አድርጎ ይለቃል። ከ18ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ ፒያኖ ቦታውን ወሰደበትና ባኽ ለሀርፕሲኮርድ የደረሰው ሁሉ በፒያኖ ይሰማ ጀመር።

ላንዶቭስካ በ1879 ዋርሶ ተወለደች (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። የተማረችው ፒያኖ ነው፤ በእሱም እንጀራዋን መብላት ትችል ነበር። እሷ ግን በ1903 ሀርፕሲኮርድ ይዛ አደባባይ ወጣች። በ1912 የፓሪሱ የፒያኖ ፋብሪካ ፕሌዬል በእሷ ጉትጎታ አንድ ትልቅ ሀርፕሲኮርድ ሠራ፤ ከጥንቶቹ እጅግ የከበደ፣ የድምፅ መቀያየሪያው በእግር የሚረገጥ። ነቀፌታው እንግዲህ በዚህ ላይ ነው።

ታዲያ በመድረክ ብቻ አልቀረችም። በ1913 የበርሊኑ የሙዚቃ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የሀርፕሲኮርድ ክላስ ከፈተላት። በ1925 ደግሞ ፓሪስ አጠገብ ሴን ሌ ላ ፎሬ በተባለች መንደር የራሷን ትምህርት ቤት አቋቋመች። ከብዙ አገር ተማሪ ጎረፈ። ለነገሩ ትሕትና የምታበዛ ሰው አልነበረችም፤ ተማሪዎቿም ሁሉ በሐሳቧ አልጸኑም። ከእሷ ዘንድ የተማረው አሜሪካዊው ራልፍ ከርክፓትሪክ የራሱን መንገድ ይዞ በ1953 ስለ ስካርላቲ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። የስካርላቲ ሶናታዎች ዛሬም የሚጠሩት እሱ በሰጣቸው ቁጥር ነው።

በ1940 የጀርመን ጦር ፈረንሳይን ሲወር፣ ላንዶቭስካ የአይሁድ ተወላጅ ናትና ቤቷን ጥላ ሸሸች። መሣሪያዎቿንና መጻሕፍቷን ናዚዎች ዘረፉ። ኒውዮርክ የገባችው ታኅሣሥ 7 ቀን 1941 ነው፤ ፐርል ሀርበር በተደበደበበት ዕለት። ዕድሜዋ 62። ጡረታ የሚያሰኝ ዕድሜ አይደለም እንዴ? እሷ ግን እዚያም ማስተማሯንና መጫወቷን ቀጠለች።

በ1949 ሀባርድና ዳውድ የተባሉ ሁለት ሰዎች ቦስተን ውስጥ ወርክሾፕ ከፍተው ሀርፕሲኮርድን በጥንቱ ናሙና ይሠሩ ጀመር። የፕሌዬሉ ዓይነትም ውሎ አድሮ ከመድረክ ወረደ። ይውረድ! ግን እኮ «የጥንቱ ድምፅ የቱ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ትውልድ የተገኘው መሣሪያው ዳግም ከተሰማ በኋላ ነው። ጆሮውን ማን ከፈተለት?

በዚያው በ1949 ላንዶቭስካ በፕሌዬሏ የባኽን 48 ፕሬሉዶችና ፉጎች ማስቀረጽ ጀመረች። በ1954 ስትጨርስ ዕድሜዋ ወደ 75 ነበር። ባኽ በ1722 የመጀመሪያውን ክፍል ሲያጠናቅቅ፣ ሥራው መማር ለሚሹ ወጣቶች እንዲጠቅም መሆኑን ገና በርዕሱ ገጽ ላይ አስፍሮት ነበር።