«አለቃዬ ነጥብ ይቆጥራል፤ እኔ ሙያዬን ጠላሁ!»

የፍቅር ጥያቄ ለለመደው ዓምዳችን ዛሬ ወጣ ያለ ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። ይሁንና ደብዳቤውን ሳነበው ከፍቅር ጣጣ ብዙም የራቀ ሆኖ አላገኘሁትም። ከልብ የወደዱትን ነገር ቀስ በቀስ መጥላት… ከዚህ የባሰ ምን አለ?

ጸሐፊዋ የ25 ዓመት ወጣት ናት። እዚሁ አዲስ አበባ ሶፍትዌር በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ተቀጥራለች። ደብዳቤዋን አሳጥሬ ላቅርበው።

«ኮድ መጻፍ ነፍሴ ነው። ድርጅታችን ደግሞ አጃይል ነን ይላል። ጠዋት ጠዋት ቆመን እንሰበሰባለን። አለቃችን ትናንት ስንት ነጥብ ጨረስሽ እያለ በየተራ ያፋጥጠናል፤ ልክ እንደ ትምህርት ቤት ሰልፍ! ከወራት በፊት በክፍያው ክፍል ላይ ስህተት አየሁ። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ደንበኛው ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ሁለት ቀን ስጠኝና ላስተካክለው አልኩት። በዚህ ስፕሪንት ዕቅድ ውስጥ የለም፣ ነጥብም አልተሰጠውም ብሎ አፌን ዘጋኝ። የፈራሁት አልቀረም፣ ደንበኞች ጮኹ። በማግስቱ በሰው ፊት የተወቀስኩት እኔው ነኝ! ልልቀቅ ብል ሁለት ወንድሞቼን የማስተምረው በዚችው ደመወዝ ነው። ምን ትመክሪኛለሽ?»

እህቴ፣ እኔ 12ኛን ጨርሼ በብዕሬ የማድር ሰው ነኝ፣ ኮድ አልጽፍም። ግን ነገርሽ ስላሳሰበኝ ሙያው ውስጥ ያሉ ሁለት ጓደኞቼን ጠየቅሁ፣ ስለ ጉዳዩ የተጻፈውንም አገላበጥኩ። ምን አለፋሽ፣ አለቃሽ በአጃይል ስም ከሚያደርገው አብዛኛውን አጃይል አላዘዘውም!

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2001 አሥራ ሰባት የሶፍትዌር ሰዎች በአሜሪካ ዩታ ግዛት፣ ስኖውበርድ በተባለ የበረዶ መንሸራተቻ ቦታ ተሰበሰቡ። ኬንት ቤክ፣ ዋርድ ከኒንግሃምና ማርቲን ፋውለር ነበሩበት። ያንገሸገሻቸው ምን መሰላችሁ? አንድ መስመር ኮድ ሳይጻፍ የሚከመረው የወረቀትና የዕቅድ ጋጋታ! ካወጧቸው አራት መርሆዎች የመጀመሪያው ሰውንና መግባባትን ከአሠራር ደንብና ከመሣሪያ ያስቀድማል። ልብ በሉ፣ ደንብ አያስፈልግም አላሉም። ደንብም ዋጋ አለው፣ ሰው ግን ይቀድማል ነው ያሉት። በ12ቱ ዝርዝር መርሆዎች ውስጥ ደግሞ ለሥራው ጥራት ያለማቋረጥ መጠንቀቅን አስገቡ። ያንቺ ሁለት ቀን እዚያ ውስጥ አለች ማለት ነው።

ብዙ ድርጅቶች የሚከተሉት «ስክረም» የተባለውን ዘዴ ነው። በስክረም መመሪያ የየዕለቱ ስብሰባ 15 ደቂቃ ሲሆን ባለቤቶቹ ሠሪዎቹ ናቸው። ለአለቃ ሪፖርት ማቅረቢያ አይደለም። «ትናንት ምን ሠራሽ? ዛሬ ምን ትሠሪያለሽ? ምን አገደሽ?» የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች እንኳ በ2020 ከወጣው እትም ተሰርዘዋል። ነጥብ የሚባለው ጉድ በዚያ መመሪያ ውስጥ ጭራሽ የለም! ከ17ቱ አንዱ የሆነው ሮን ጄፍሪስ፣ ነጥብን የፈጠርኩት ምናልባት እኔ ልሆን እችላለሁ፣ ከሆነም አዝናለሁ የሚል ሐሳብ በ2019 ጽፏል። ሌላው ባልደረባው ዴቭ ቶማስማ በ2014 አጃይል ሞቷል እስከማለት ደርሷል። ስሙ የገበያ ሸቀጥ ሆነ ብሎ ነው።

ታዲያ ለምን እንዲህ ሆነ? መልሱ ቀላል ነው። ነጥብ ይቆጠራል፣ ሙያ ግን አይቆጠርም። ነጥብ ቡድኑ የሥራውን ክብደት የሚገምትበት እንጂ ሰው የሚመዘንበት አልነበረም። ሰው ሲመዘንበት ግን ሁለት የነበረው ሥራ አምስት ይባላል። ጓደኛውን የሚያግዝ ይጠፋል፣ ማገዝ ነጥብ የለውማ!

እስቲ ከኮምፒዩተሩ ወጥተን ማድቤት እንግባ። እንጀራ ስትጋግር ቀን ብቻ የምትቆጥር አለች፤ ሦስት ቀን ከሞላው ትጋግራለች፣ በቃ። ሌላዋ ደግሞ ሊጡን ታያለች፣ ታሸታለች። በክረምት ብርድ ትታገሰዋለች፣ ሙቀት ሲሆን ትፈጥናለች። ሁለቱም ደንብ አላቸው። ሁለተኛዋ ግን ደንቡ ለምን እንደተቀመጠ ታውቃለች። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ለዚህ ነው። አለቃሽ ጥምጥሙን አሳምሮታል፣ ትምህርቱ ነው የቀረው።

ግን ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። «ባለሙያ ነኝ፣ አትንኩኝ» እያለ አንዲት ገጽ ሲያሳምር ወር የሚፈጅም አለ። ደንበኛው ደጅ ቆሞ እየጠበቀ! ይሄም ሙያ አይደለም። ለጀማሪ ቡድን ደንብ ምርኩዝ ነው። አለቃሽም ቢሆን ከበላይ «ቁጥር አምጣ» እየተባለ ይሆናል።

እንግዲህ ምክሬ ይኸውልሽ።

አንደኛ፣ በንዴት እንዳትለቂ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። ይልቅ ስህተቱ ያስከፈላችሁን መዝግቢ። ገንዘብ ለመመለስ ስንት ቀን ፈጀ? ስንት ደንበኛ አማረረ? ከተከለከልሽው ሁለት ቀን ጋር አስተያይተሽ ለብቻው አሳዪው። ቁጥር ይወዳል አላልሽም? ቁጥር ስጪው!

ሁለተኛ፣ በየስፕሪንቱ መጨረሻ አሠራራችሁን መለስ ብላችሁ የምታዩበት ስብሰባ ሊኖር ይገባል። ከተተወ እንዲመለስ ጠይቂ። እዚያም አንድ ነገር ብቻ አቅርቢ፤ ከየዙሩ ለጥገና የሚሆን ጊዜ ይቀመጥ በይ። ሁሉን በአንድ ቀን ልለውጥ ካልሽ አንዱንም አታገኚም።

ሦስተኛ፣ ስህተት ስታዪ በጽሑፍ አሳውቂ። «ኮዱ አስቀያሚ ነው» ሳይሆን «ደንበኛው ሁለት ጊዜ ይከፍላል» በይ። ያኔ ወቀሳው ያላግባብ አንቺ ላይ አይወድቅም።

አራተኛ፣ ለራስሽ ሦስት ወር ስጪ። ጠብ የሚል ነገር ከሌለ ደመወዝሽን እየበላሽ ሌላ ሥራ ፈልጊ። ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቢም አንቺው ጠይቂ፦ «በስፕሪንት መሀል ከባድ ስህተት ቢገኝ የሚወስነው ማነው?» መልሱ ብዙ ይነግርሻል።

ለአለቆችም አንዲት ቃል አለችኝ። በቶዮታ ፋብሪካ ጉድለት ያየ ሠራተኛ ገመድ ስቦ አለቃውን ይጠራል። ችግሩ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ገመድ የሳበ አይወቀስም፣ ስህተቱን ቶሎ አገኘላቸዋ! የእናንተ ልጆችስ የሚስቡት ገመድ አላቸው?

በሉ፣ ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!