ጥርጣሬና ልብ አንጠልጣይ ሲኒማ

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ ለነጋዴና ለመንገደኛ የሚበጅ ምክር መሆኑ አይካድም። ነገር ግን መጠርጠር ሁልጊዜ ብልኅነት ከሆነ፥ በከንቱ ለተጠረጠረው ሰው ማን ይጠየቅለታል? ይህን ጥያቄ አጥብቆ የሚያነሣልን ብዙ ሰው እንደ ቀላል ጊዜ ማሳለፊያ የሚቈጥረው ልብ አንጠልጣይ ሲኒማ ነው ብንል የሚስቅ አይጠፋም። ቢስቅም ጥቂት ይታገሠንና ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ልብ አንጠልጣይ ሲኒማ ብዙ ዓይነት ነው። መርማሪ ወንጀለኛን የሚያሳድድበት አለ፤ ሰላዮች የሚፈታተኑበት አለ፤ በፍርድ ቤት ክርክር የሚያልቅ አለ፤ እስረኛ ለማምለጥ የሚጣጣርበት አለ፤ ነገሩ ሁሉ በአንድ ሰው አእምሮ ውስጥ የሚፈጸምበትም አለ። መልካቸው ቢለያይም አጥንታቸው አንድ ነው። የተደበቀ ነገር፥ የተቈረጠ ጊዜና መውጫው የጠበበ ቦታ አይታጣባቸውም። ከሁሉም በላይ በመጨረሻ እውነቱ ይገለጻል ተብሎ ለተመልካች የተሰጠ ቃል አለ።

የዚህ ሙያ ሊቅ የነበረው እንግሊዛዊው አልፍሬድ ሂችኮክ ነገሩን በቦምብ ምሳሌ ያስረዳ ነበር። ሰዎች ተቀምጠው ሲጫወቱ ከጠረጴዛው ሥር ያለው ቦምብ ሳናውቀው ቢፈነዳ የምንደነግጠው ለአንድ አፍታ ነው። ቦምቡ መኖሩን እኛ አውቀን እነርሱ ሳያውቁ ወሬያቸውን ቢቀጥሉ ግን እያንዳንዱ ደቂቃ ያስጨንቀናል። እንግዲህ ልብን የሚያንጠለጥለው ፍንዳታው ሳይሆን ዕውቀቱ ነው ማለት ነው።

ይኸው ሰው ደጋግሞ ያነሣው ሌላ ልማድ ባልሠራው ወንጀል የተጠረጠረው ሰው ታሪክ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1935 «ሠላሳ ዘጠኙ ደረጃዎች» በተባለው፥ በ1959 ደግሞ «ሰሜን በሰሜን ምዕራብ» በተባለው ሲኒማ ንጹሑ ሰው ከፖሊስም ከእውነተኛው ወንጀለኛም ይሸሻል። በ1956 ያወጣው «የተሳሳተው ሰው» ግን ከእውነተኛ ታሪክ የተወሰደ ነው። አንድ የኒው ዮርክ ሙዚቀኛ መልኩ ከዘራፊ መልክ ስለ ተመሳሰለ ብቻ ምስክሮች «እርሱ ነው» ይሉታል። በኋላ እውነተኛው ሌባ ይያዛል፤ የሚስቱ አእምሮ ግን እስከዚያው በጭንቀት ታውኳል። ንጹሕነቱን እኛ ስለምናውቅ የጥርጣሬን ክብደት በእርሱ ትከሻ ላይ ሆነን እንለካዋለን። ይህን ልምምድ ሌላ መዝናኛ በቀላሉ አይሰጠንም።

ይህ የፈረንጅ ነገር ነው የሚል ቢኖር የራሳችንን አገር ታሪክ ይጠይቅ። ቀድሞ ሀብት ሲሰረቅ ሌባ ሻይ ይጠራ ነበር። መድኃኒት የጠጣው ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የገባበት ቤት ባለቤት፥ ሌላ ማስረጃ ሳይቀርብበት፥ ሌባ ይባል ነበር። አውጫጭኝም ነበረ፤ ያገሩ ሰው በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ እንዳይበተን ይደረግ ነበር። ከሁሉ ፊት የቆመው ሰው ጎረቤቱ በዝምታ ሲያየው ምን ይሰማው እንደ ነበር እናስብ። ከዚህ የበለጠ መውጫው የጠበበ ቦታ ከየት ይገኛል?

ስለዚህ ጥቁር መነጽር፥ ሽጉጥና ፈጣን መኪና ብቻ የሚዋሱ ደራሲዎቻችን ልብሱን ወስደው አጥንቱን ትተዋል እንላለን። በባሕር ዳር አጠገብ ባለችው በሰባታሚት የአንድ ገበሬ በሬ ጠፋ እንበል። ጥርጣሬው በአንድ ጎረምሳ ላይ ይወድቃል። በዚያች ሌሊት የት እንደ ነበረ የሚመሰክርለት በክብራን ገብርኤል ደሴት ያሉ አንድ መነኵሴ ብቻ ናቸው። ወደ ክብራን ገዳም ሴት አትገባም፤ ልጁን ለማዳን የምትሮጠው ደግሞ እናቱ ናት። ከደንገል የተሠራው ታንኳ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ካልደረቀም ብዙ አያገለግልም። የተደበቀው ነገር፥ የተቈረጠው ጊዜና የተዘጋው በር ሁሉም በጣና ላይ ተሟልተው ተገኙ፤ አንድ ጥይትም አልተተኰሰም።

ይህ ከንቱ ምኞት እንዳልሆነ ኃይሌ ገሪማ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2008 ባወጣው «ጤዛ» አሳይቷል። በውጭ አገር የተማረው አንበርብር አንድ እግሩን አጥቶ ወደ ትውልድ መንደሩ ይመለሳል፤ ያለፈው ሕይወቱም በቅዠትና በትዝታ ጥቂት በጥቂት ይገለጥለታል። ሲኒማውን ልብ አንጠልጣይ ብሎ የሚጠራው ባይኖርም፥ ተመልካቹን ይዞ የሚጓዘው ያው የተደበቀው ነገር ነው።

በመጽሐፍም በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. የታተመውን «ኦሮማይ»ን በአሥመራ የስለላ ትግል ላይ ሠርቶታል። ደራሲው ግን በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ልብ አንጠልጣይ ድርሰት እውነቱ ይገለጻል ብሎ ቃል ይገባል፤ ያን ድርሰት ለጻፈው ሰው ግን ቃሉ አልተፈጸመለትም። የእውነት መገለጥ በሲኒማ ቤት ልማድ ነው፤ ከሲኒማ ቤት ውጭ ግን ሰው ካልደከመለት አይመጣም።

ለተማሪውና ለወጣቱ ሹም የምንለውም ይህንኑ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቈጠር ያዝዛል። ትእዛዙን በቃል ማጥናት ቀላል ነው። አቤቱታ አቅራቢው በበር ቆሞ፥ ሐሜቱ ከመዝገቡ ቀድሞ ጠረጴዛችን ላይ ሲደርስ መፈጸሙ ግን ይከብዳል። በሲኒማ ቤት ንጹሑን ሰው የምናውቀው ደራሲው ስለ ነገረን ነው፤ በመሥሪያ ቤት የሚነግረን የለም። እኛው መጠየቅ፥ እኛው መመርመር አለብን። ሲኒማው በሁለት ሰዓት ያልቃል፤ በጥርጣሬ ብቻ የተዘጋ መዝገብ ግን የአንድን ቤተ ሰብ ዕድሜ ሊጨርስ ይችላል።