ደሴት ላይ ጠርታችሁናል፤ ሒሳቡንም ንገሩን

ድሮ የሰርግ ጥሪ ካርድ በእጅ ይመጣ ነበር፤ አሁን በቴሌግራም ይመጣል። ይሁን፣ ዘመኑ ነው። ባለፈው ዓመት ለእኛ የመጣው ግን ካርድ ብቻ አልነበረም። ተከትሎት ስምንት ገጽ «የጉዞ ምክር ለእንግዶቻችን» መጣ። ሰርጉ ዛንዚባር ነው። ምክሩም እንዲህ ይላል፦ ነጭ የሊነን ልብስ ያዙ፣ የፀሐይ ክሬም አትርሱ፣ ተረከዝ ያለው ጫማ አሸዋ ውስጥ ይሰምጣልና ተዉት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፈገግ በሉ።

ፈገግ አልን። ከዚያ ደሞዛችን ትዝ አለን።

እኛ ሦስት ነን፤ ሙሽራዋ አራተኛችን ናት። ጋዜጠኝነት አብረን ተምረን፣ አንድ ሻይ ለአራት ተካፍለን ያደግን ሰዎች ነን። «አንመጣም» ማለት እንዴት ይቻላል? አንዳችን ዕቁቧን ቀድማ እንዲሰጧት ለመነች፣ ሌላዋ ከታላቅ ወንድሟ ተበደረች፣ ሦስተኛዋ ለላፕቶፕ ያጠራቀመችውን አነሳች። ሄድን። ጨፈርንም። ዕዳው ዛሬም አላለቀም። ይህን የምንጽፈው ጓደኛችንን ልናሳጣት አይደለም (ከመለጠፋችን በፊት አንብባዋለች፤ አኩርፋ ነበር፣ ታርቀናል)። የምንጽፈው በዚያ ስምንት ገጽ ውስጥ አንድም እውነተኛ ምክር ስላልነበረ ነው።

እስቲ እውነተኛውን ምክር እኛ እንስጥ።

አንደኛ፣ ወረቀት። ታንዛኒያ ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች የሚመጣን መንገደኛ የክትባት ካርድ ትጠይቃለች። ኢትዮጵያ ከእነዚያ አገሮች አንዷ ናት። ካርዱ የሚጸናው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ በጉዞው ዋዜማ መሮጥ ዋጋ የለውም። ከዋሽንግተን ወይም ከለንደን የምትመጡ ዘመዶቻችንም ብትሆኑ አዲስ አበባ ላይ ከ12 ሰዓት በላይ ከቆያችሁ ጥያቄው ይመለከታችኋል። ቪዛውንም ቲኬት ከመግዛታችሁ በፊት ጨርሱ። ቲኬት ቆርጦ ቪዛ መጠበቅ ጸሎት እንጂ ዕቅድ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ኢንሹራንስ። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ሰው ከራሷ ከዛንዚባር የመንግሥት ኢንሹራንስ ድርጅት ፖሊሲ እንዲገዛ ተደንግጓል። ለአዋቂ ሰው 44 ዶላር ነው። ሌላ ኢንሹራንስ አለኝ ብትሉ አይቀርላችሁም። 44 ዶላር ምን አላት አትበሉ። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከመለቀቁ በፊት በባንክ ዋጋ 2,500 ብር ገደማ ነበረች። ዶላሩ በወራት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ ያችው 44 ዶላር ከ4,400 ብር በላይ ሆነች። ገና አውሮፕላን ላይ አልወጣችሁም።

ሦስተኛ፣ ወቅት። ሙሽሮች ይህን ቢያስቡበት እንወድ ነበር። የእኛ የሰርግ ወራት ሁለት ናቸው፦ ጥር፣ እና ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ። ጥር ዛንዚባር ደረቅና ሞቃት ነው፤ ፈረንጁም ከብርዱ ሸሽቶ የሚመጣው ያኔ ስለሆነ የክፍል ዋጋ ጣሪያ ይነካል። ከፋሲካ በኋላስ? ከማርች እስከ ሜይ «ማሲካ» የሚሉት ረጅሙ ዝናባቸው ነው፤ አንዳንድ ሆቴልም ለእድሳት በሩን ይዘጋል። በአጭሩ፣ በእኛ የቀን መቁጠሪያ ተጋብታችሁ በእነሱ ባሕር ዳር ስትደግሱ ወይ ኪሳችን ይቃጠላል ወይ እኛ እንበሰብሳለን።

አራተኛ፣ ባሕሩ ራሱ። ፎቶው ላይ ያለው ሰማያዊ ውኃ ሁልጊዜ ቦታው ላይ አይገኝም። በምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ በሚባሉት መንደሮች፣ ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ በመቶዎች ሜትር ይሸሻል። በሰሜን ኑንግዊና ኬንድዋ ግን ሽሽቱ ያን ያህል አይደለም። ውኃው ሲሸሽ የሚታየው አሸዋ ደግሞ የሰው ማሳ ነው። የመንደሩ ሴቶች የባሕር አረም ተክለው የሚለቅሙበት፣ የልጆቻቸውን ደብተር የሚገዙበት ቦታ ነው። ቬሎ ለብሶ በመሃላቸው እየሮጡ ፎቶ መነሳት ባለጌነት ነው። ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው። በስቶን ታውን ጎዳና ትከሻና ጉልበት ሸፍኖ መሄድ፣ ረመዳን ከሆነም በአደባባይ አለመብላት፣ ጾም ምን እንደሆነ ለምናውቅ ለእኛ ሊነገረን አይገባም ነበር።

አምስተኛ፣ ጥቃቅኑ። ፌስታል ይዛችሁ አትሂዱ፤ ታንዛኒያ ከጁን 2019 ጀምሮ ከልክላለች። የሶኬቱ ቀዳዳ የእንግሊዞቹ ባለ ሦስት ጥርስ ነው። ብራችሁን እዚያ የሚመነዝርላችሁ የለም። ደስ የሚለው ደግሞ ስዋሂሊ ተናጋሪው እንደኛው ከንጋት ጀምሮ ነው ሰዓት የሚቆጥረው። ባለ ታክሲው «ሦስት ሰዓት» ካለ የእኛው ሦስት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ሆቴሉ ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚሠራው። የትኛው እንደሆነ ጠይቁ፤ ከእኛ አንዷ ሳትጠይቅ ቀርታ ቀለበቱ ሲደረግ ሻወር ውስጥ ነበረች።

ምክራችን ይህ ነው። አሁን ወደ ጠባችን።

«የአገር ቤቱ ሰርግስ መች ርካሽ ሆነ?» ትሉናላችሁ። አልሆነም። አዳራሹ፣ የመኪናው ሰልፍ፣ በየዓመቱ የሚረዝመው የሚዜ ቁጥር፣ ሁሉንም እናውቃለን፤ ብዙ ሙሽሮች ጫጉላቸውን ከዕዳ ጋር እንደሚያሳልፉም እናውቃለን። ልዩነቱ ግን ከፋዩ ላይ ነው። በአገራችን ደንብ የሚደግሰው ነው የሚያወጣው። የተጠራው አቅሙ የፈቀደውን ይዞ ይመጣል፣ ባዶ እጁን ቢመጣም በልቶ፣ ጠጥቶ፣ መርቆ ይሄዳል። የድንኳኑ በር ላይ ቆሞ የባንክ ሒሳብህን የሚጠይቅ የለም። የደሴቱ ሰርግ ያደረገው ይህን መገልበጥ ነው። ሙሽሮቹ ሃያ ሰው ጠርተው ራሳቸው ትንሽ ያወጣሉ፣ የድግሱን ዋጋ ሃያው ሰው በቲኬት፣ በቪዛና በሆቴል ተከፋፍሎ ይሸከመዋል። ከዚያ ስሙ «ቀለል ያለ ሰርግ» ይባላል። ለማን ነው የቀለለው?

የቀረውን ሰው ደግሞ ማንም አይቆጥረውም። ሙሽራችንን ያሳደጓት አያቷ ናቸው። ፓስፖርት የላቸውም፣ ጉልበታቸውም አውሮፕላን አይችልም። በጉዞው ማለዳ ጠሩንና የጋገሩትን ድፎ ዳቦ በነጠላ ጠቅልለው ሰጡን፤ «እኔን ተክታችሁ ቁረሱላት» አሉ። በጭናችን ይዘነው በረርን። ሰርጉ ላይ ማስጌጫውን የያዘችው ሴት ከነጩ ጠረጴዛ ጋር አይሄድም ብላ ወጥ ቤት አስገባችው። እኛም ለፎቶው ቆመን ስለነበር ዝም አልን። አያትየው ሥነ ሥርዓቱን በስልክ እያዩ፣ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ፣ «ዳቦው ደረሰ ወይ?» ሲሉ ሰማናቸው። ደርሷል አልን። ከዕዳው ይልቅ የሚቆጨን ይህቺ መልሳችን ናት።

ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ አንወቅጥም። ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ፣ ወይም በስደተኛ ሰነድ የሚኖርና አገሩ መግባት የማይችል ወንድም አለን። እናቱ ናይሮቢ ወይም ካምፓላ ድረስ መጥታ ስትድረው አይተናል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ሦስተኛ አገር ቅንጦት አይደለም፣ እናቱን የሚያቅፍበት ብቸኛ መሬት ነው። ለእሱ ዕቁባችንን ደግመን እንለምናለን። በተቃራኒው ደግሞ በሁለት ዓመት አንዴ ፈቃድ የምታገኝ፣ ፓስፖርቷን አሠሪዋ የምትይዝባት የዓረብ አገር እህታችን አለች። ያቺን አንድ ወር ወይ ለእናቷ ወይ ለደሴቱ ሰርግ ምረጪ ማለት ግፍ ነው።

ስለዚህ ሙሽሮች ሆይ፣ የምንጠይቃችሁ ጥቂት ነው። ጥሪው ላይ ጠቅላላ ወጪውን በብር ጻፉ፤ አታፍሩ፣ የምናፍረው እኛ እንሁን። ከስድስት ወር በፊት ንገሩን። አንድ ዓይነት ቀሚስ አሰፉ አትበሉን። ደሴቱ ድረስ ለመጣ እንግዳ የስጦታ ሒሳብ ቁጥር አትላኩ። ከመሄዳችሁ በፊትም ሆነ ከተመለሳችሁ በኋላ አያት፣ ጎረቤትና እድርተኛ የሚቀመጥበት አንድ ቀን፣ አንድ ድንኳን፣ አንድ ምርቃት ይኑር። እና «አልችልም» ያለን ጓደኛ ምክንያት ሳትጠይቁ ውደዱት።

ለተጠራችሁ ደግሞ ስምንቱ ገጽ የዘለለውን የመጀመሪያ ምክር እንንገራችሁ፦ መቅረት ይቻላል። ካልቻላችሁ አትሂዱ፤ ብትቀሩ ጓደኝነታችሁ አይቀልም። ከሄዳችሁ ግን፣ ድፎ ዳቦ ይዛችሁ ከሆነ፣ ወጥ ቤት እንዳይገባ። ፎቶውን አቁማችሁ ጠረጴዛው መሃል አስቀምጡት።

ጋብቻችሁን የአብርሃምና የሣራ ያድርግላችሁ።